ሥዕል ያለበት ብርጭቆ ስንገዛ

ለቤታችሁ ዕቃ ለመግዛት ወደ ገበያ ስትወጡ፣ ወይም ለሠርግና ለልደት የሚሆን ስጦታ ስትመርጡ፣ ሥዕል ያለበት ብርጭቆ ዓይናችሁን ሳይስበው አይቀርም። በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ የስጦታ መደብሮች ደግሞ የጥንት ሰዎች በዋሻና በገደል ግድግዳ ላይ ትተዋቸው ያለፉትን ምስሎች የያዙ ብርጭቆዎች፣ ማሰሮዎችና ሳህኖች ይሸጣሉ። ከነዚህም መካከል ቀስት የገተረ አዳኝ፣ ቀንዱ የረዘመ በሬ፣ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ክፍል ገደሎች ላይ የሚታየውና ኮኮፔሊ በሚል ስም የታወቀው ዋሽንት ነፊ ጎባጣ ሰው ይገኙባቸዋል። ዕቃዎቹ ሲያዩአቸው ያምራሉ። ነገር ግን አንዲት እናት ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ልትጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥዕሉ በብርጭቆው ላይ የወጣው በምን ዘዴ ነው? የሚለው ነው። በብርጭቆው የሚጠጣው ልጅ ጤንነትም፣ ብርጭቆውን የሠራው ሠራተኛ ጤንነትም ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ወደዚህ ከመግባታችን በፊት ስለ ምስሎቹ ጥቂት እንበል፤ የሚገዛውን ነገር ማወቅ ደግ ነውና። የእኛ አገር በዚህ ረገድ ባለጸጋ ናት። ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ለጋ ኦዳ ተብሎ የሚጠራው የድንጋይ መጠለያ፣ ከብቶችንና ሰዎችን በሚያሳዩ በርካታ ሥዕሎች የተሞላ ነው። በደቡብም፣ በዲላ አካባቢ፣ ሸፔ በተባለው ሥፍራ (ሻቤ የሚሉትም አሉ) በጠባብ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ ላሞች በተርታ ሲሄዱ ይታያሉ። የሸፔዎቹ ላሞች በቀለም የተሣሉ አይደሉም፤ ዙሪያቸው በድንጋይ ተቀጥቅጦ እየተፈለፈለ ገላቸው ከአለቱ ከፍ ብሎ እንዲታይ የተደረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ያጠናቸው እነዚህ ላሞች፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ግታቸውም ጎልቶ የወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ቀራጩ የላሟን ዓይንና አፍንጫ ለማሳመር ብዙም አልደከመም፤ ወተት የሚሰጠውን ክፍል ግን አልዘነጋም። ልጅ ያሳደገች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳት አያስፈልጋትም።

ሌላም መለያ አለ። በእነዚህ ሥፍራዎች ከሚታዩት ጥንታውያን ከብቶች አብዛኞቹ ሻኛ የላቸውም። ዛሬ በየሜዳው የምናያቸው ሻኛ ያላቸው ከብቶች መነሻቸው ከእስያ ሲሆን ወደ አካባቢያችን የገቡት ኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሠዓሊ የሸፔን ላም በብርጭቆ ላይ ቀርጫለሁ ብሎ ሻኛ ከጨመረላት፣ የሣለው ከገደሉ ሳይሆን ከጎረቤቱ በረት ነው ማለት ነው። ይህን በማወቃችሁ ብቻ ሻጩን በሁለት ቃል ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

የቀለሙም ታሪክ ያስደንቃል። ከጥንቶቹ ሥዕሎች በብዙዎቹ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ኦከር ከሚባል፣ ብረት ካለበት ቀይ አፈር የተገኘ ነው። በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በተባለው ዋሻ (ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው) ከ4 ሺህ በላይ የኦከር ቁርጥራጮች፣ በክብደት ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚደርሱ፣ በቁፋሮ መገኘታቸውንና ዕድሜአቸውም ወደ 40 ሺህ ዓመት እንደሚጠጋ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አስታውቋል። በዋሻዎቹ ግድግዳ ላይ ያሉት የከብት ሥዕሎች ግን ከዚህ በብዙ ሺህ ዓመታት ያነሱ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «የ40 ሺህ ዓመት ላም» ብሎ የሚሸጥ ካለ አትመኑት። የሚገርመው፣ በአለት ላይ ቀይ የሆነው ይኸው ብረት በቀለጠ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴ መልክ ይሰጣል፤ የተራው ጠርሙስ አረንጓዴነት አንዱ ምክንያት በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄአችን እንመለስ። በብርጭቆ ላይ ሥዕል የሚወጣባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ብርጭቆውን ራሱን መቅረጽ፣ ሁለተኛው በላዩ ላይ ቀለም መቀባት ወይም የታተመ ልጥፍ ሥዕል ለጥፎ በእቶን ማቃጠል ነው። ለመለየት ጥፍራችሁ ይበቃል። ሥዕሉን ከዳር ወደ መሐል ስትዳብሱት ጥፍራችሁ ወደ ውስጥ ዝቅ ካለ፣ ወይም ሥፍራው ሻከር ብሎ ነጭ ጉም የመሰለ ከሆነ፣ ተቀርጿል። ጥፍራችሁ ከፍ ብሎ ደረጃ የወጣ ያህል ከተሰማችሁና ሥዕሉ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ የተቀባ ነው።

የተቀባው ሁሉ መርዝ ነው አንልም። ይሁን እንጂ በብርጭቆ ላይ የሚቃጠሉት ቀለማት በእቶን ውስጥ ቀልጠው እንዲጣበቁ እርሳስ የተባለው ማዕድን፣ ቀያቸውና ቢጫቸው ደምቆ እንዲወጣ ደግሞ ካድሚየም የተባለው ማዕድን ሲገባባቸው ኖሯል። (እርሳስ ስንል ልጆች የሚጽፉበትን ማለታችን አይደለም፤ እርሱ ስሙ ብቻ ነው እንጂ በውስጡ ያለው ካርቦን ነው።) በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት 72 ዓይነት አዲስና ያገለገሉ የመጠጫ ብርጭቆዎች ተመርምረው፣ ከተደረጉት 197 ምርመራዎች በ139ኙ እርሳስ ተገኝቷል። ከዚያም ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ማክዶናልድስ በአሜሪካ ለልጆች ፊልም ማስታወቂያ ያሸጣቸውን 12 ሚሊዮን ያህል ብርጭቆዎች በቀለማቸው ውስጥ ካድሚየም ስለተገኘ ከገዢዎች እንዲመለሱ አድርጓል። ስለዚህ ነገሩ የርካሽ ገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እርሳስ በተለይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። በማደግ ላይ ያለውን አእምሮአቸውን ይነካል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምንም ጉዳት አያስከትልም የሚባል የእርሳስ መጠን አለመኖሩን ይገልጻል። ሕፃን ብርጭቆን እንደ ትልቅ ሰው አይዝም፤ በሁለት እጁ ሥዕሉን ጨብጦ ጠርዙን ያኝካል፣ ከዚያም እጁን ይልሳል። በዚህ ምክንያት ሥዕሉ ከብርጭቆው ከንፈር ጥቂት ጣቶች ያህል ዝቅ ያላለ ቀለም ቅብ ብርጭቆን ለልጅ መስጠት አይገባም። በሽቦ ወይም በአመድ እየተፈተገ ቀለሙ መላላጥ የጀመረውንም እንዲሁ።

የተቀረጸው ብርጭቆ ሥዕሉ ከብርጭቆው ጋር አንድ ስለሆነ የሚላላጥ ነገር የለውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ክሪስታል የሚባለው ከባድና አብረቅራቂ ብርጭቆ ራሱ በአሠራሩ እርሳስ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓ ሕግ እርሳስ ያለበት ክሪስታል ተብሎ ለመጠራት ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። በእንግዳ ፊት አንድ ጊዜ ጠጥቶ ማጠብ ብዙም አያሳስብም። ጠጅ፣ ወይን ወይም የሎሚ ጭማቂ በክሪስታል ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ለቀናት ማስቀመጥ ግን እርሳሱ ወደ መጠጡ እንዲገባ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡርና ለልጅማ ክሪስታሉ በቁም ሣጥን ቢቀመጥ ይሻላል።

ስለ ጠጪው ይህን ካልን ስለ ሠሪውስ? ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ ነው። ቅርጹ በእጅ ሲወጣ፣ ጫፉ አልማዝ በሆነ መሣሪያ እየተጫረ ወይም ነጥብ በነጥብ እየተመታ ነው፤ ይህም የሸፔ ቀራጭ አለቱን ከቀጠቀጠበት መንገድ እምብዛም የራቀ አይደለም። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ዋጋውም የሚወደደው ለዚሁ ነው። በፍጥነት ብዙ ለማምረት የሚፈልጉ ግን በብርጭቆው ላይ ተቆርጦ የተዘጋጀ ንድፍ ለጥፈው በታመቀ አየር ኃይል አሸዋ ይረጩበታል። ከዚህ የሚነሣው ብናኝ በውስጡ ሲሊካ ያለበት ከሆነና ሠራተኛው ከተነፈሰው ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ በሽታውም መዳኛ የለውም። በቱርክ አገር ጂንስ ሱሪ ያረጀ ለማስመሰል በዚሁ ዘዴ ይሠሩ የነበሩ በርካታ ወጣት ሠራተኞች በበሽታው ከተጎዱና ከሞቱ በኋላ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘዴውን ከልብስ ሥራ አግዷል። ብርጭቆ ሲቀረጽ አሸዋውን በሌላ የተፈጨ ማዕድን በመተካት፣ ሥራውን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በማድረግና አየሩን በማጣሪያ በመሳብ አደጋውን መቀነስ ይቻላል። እጅግ ርካሽ ሆኖ የተሸጠ ባለ ሥዕል ብርጭቆ ስታዩ፣ ርካሽ የሆነው ይህ ሁሉ ወጪ ስለቀረ ይሆን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የአቀራረጽ ዘዴ በአሲድ ማስበላት ነው። ሃይድሮፍሎሪክ የሚባለው አሲድ ከቆዳ አልፎ እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ ሕመሙም አንዳንድ ጊዜ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። በቤት ውስጥ ለመሥራት ተብሎ በቅባት መልክ የሚሸጠውም የዚሁ ዝርያ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ማዕድ ቤት ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ሥራው በደንብ ሲያዝ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ እንደሚሆን የኤስዋቲኒ (እስከ 2018 ስዋዚላንድ ይባል ነበር) ምሳሌ ያሳያል። ንግዌንያ በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1979 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የብርጭቆ ፋብሪካ በ1985 ተዘግቶ በ1987 እንደገና ተከፍቷል። የሚሠራው ከተጣሉ ጠርሙሶች ነው፤ ሰዎች ጠርሙስ ለቅመው ያመጣሉ፣ ፋብሪካው ይገዛቸዋል፣ የእጅ ባለሙያዎች በቧንቧ እየነፉ ብርጭቆና የእንስሳት ምስል ያወጡበታል። በዚያው በንግዌንያ ተራራ ላይ ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ቀይ አፈር ቆፍረው ያወጡበት ጉድጓድ ይገኛል። በእኛም ከተሞች ባዶ ጠርሙስ በየቤቱ እየዞረ የሚሰበስበውን ልጅ የማያውቅ የለም፤ የጎደለው ነፊውና ቀራጩ ነው።

ለመሞከር የምትሹ እናቶችና ወጣቶች ካላችሁ መጀመሪያው ከባድ አይደለም። ወፈር ያለና ርካሽ የሆነ ብርጭቆ ምረጡ፤ ስስ ብርሌ ይሰበርባችኋል፤ እንዳይሰበር ተብሎ በሙቀት የጠነከረ የሻይ ብርጭቆ ደግሞ በጥልቅ ሲጫር ድንገት ሊበታተን ስለሚችል ተዉት። ላሟን በወረቀት ላይ ሣሉ፤ ወረቀቱን በብርጭቆው ውስጥ በኩል ለጥፉ፤ ከዚያ በውጭ በኩል የአልማዝ ጫፍ ባለው የእጅ መሣሪያ በመስመሩ ላይ ነጥብ በነጥብ አውጡ። ዓይናችሁን በመነጽር፣ አፍንጫችሁን በጭምብል ሸፍኑ። ብናኙን እፍ አትበሉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁንም ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት። ሥዕሉ በባዶው ብርጭቆ ላይ ደብዛዛ ቢመስላችሁ አትዘኑ፤ ብርዝ ወይም ሌላ መልክ ያለው መጠጥ ሲቀዳበት ላሟ ነጭ ሆና ትወጣለች።

ንድፉን ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ ከታተሙ ፎቶግራፎች መገልበጥ ይበቃል። ሥፍራው ድረስ የሄደም ቢሆን ወረቀት በሥዕሉ ላይ አስደግፎ መገልበጥ፣ በጠመኔ ማድመቅ ወይም ፎቶው እንዲጎላ ውኃ መርጨት የለበትም፤ ቀለሙን ያነሣዋልና። በፈረንሳይ አገር ያለው የላስኮ ዋሻ በጎብኝዎች ትንፋሽና በመብራት ምክንያት ሥዕሎቹ መበላሸት ስለጀመሩ ከ1963 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘግቷል።

ቀድሞ የገዛችሁት ቀለም ቅብ ብርጭቆ በቤታችሁ ካለ መጣል የግድ አይደለም። አበባ ይቀመጥበት፣ ወይም የልብስ ስፌት መርፌና ክር ይያዝበት። ቀለሙ የተላላጠውን ግን ለሌላ ቤት አታስተላልፉ፤ እዚያም ልጅ አለ።