ቀበሮውና ጭላዳው ጓደኛ ናቸው?

 

ባለፈው ቅዳሜ ስለ እንስሳት ስንማር እንደ ልማዴ በተረት ጀመርኩ። "አህያና ጅብ አብረው መንገድ ሄዱ" ከማለቴ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና "ጅቡ ይበላታል አይደል?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን እኮ ነው! በእኛ ተረት ሁለት የተለያዩ እንስሳት አብረው መንገድ ከጀመሩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይበላ ወይም ሳያታልል አይመለስም። ምሳሌያችንም "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ነው የሚለው።

ልጁ ግን በዚያ አላበቃም። "ቲቸር፣ ጓደኛ የሚሆኑ የሉም?" አለ። አንዷ ቀበል አድርጋ "አሉ፤ ዙ ውስጥ ቺታና ውሻ ጓደኛ ናቸው፣ አይቻለሁ" አለች። አቦሸማኔ የሚለውን ቃል ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። እናም የዚህ ወር ጽሑፌ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው።

ልጅቷ ያየችው ልክ ነው። ከሞርስ ሮድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚወስደው የኮለምበስ መካነ እንስሳት፣ ለሕዝብ የሚቀርቡ አቦሸማኔዎች ከግልገልነታቸው ጀምሮ ከላብራዶር ውሻ ጋር ነው የሚያድጉት። አቦሸማኔ በሩጫ የሚደርስበት ባይኖርም ድንጉጥ ነው፤ አዲስ ድምፅ ወይም ብዙ ሰው ያስበረግገዋል። ውሻው ግን ሰው ሲያይ ጭራውን ይቆላል። አቦሸማኔው ወደ ውሻው ዞር ብሎ ያያል፤ ውሻው ካልደነገጠ እሱም ይረጋጋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ያገናኛቸውም የሚቀልባቸውም ሰው ነው። ሰው በሌለበትስ?

ለዚህ መልሱ ያለው አገር ቤት፣ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከመሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ የሚባል ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ አለ፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከናንተ መካከል የዚያ አካባቢ ተወላጅ ካለ ብርዱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እዚያ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም የትም የማይገኙ ሁለት እንስሳት ይኖራሉ። አንዱ ጭላዳ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው፤ አዋቂዎቹ በአገሪቱ ከ500 አይበልጡም፣ ዋና ምግቡም አይጥ ነው።

ጭላዳ ውሻ ካየ ወደ ገደሉ ነው የሚሮጠው። ቀይ ቀበሮ ግን መንጋው መሐል ሲገባ ዝም ይለዋል። ቀበሮውም አይሮጥም፣ አያደባም፤ ቀስ ብሎ በመካከላቸው እየተራመደ አይጡን ይፈልጋል። አጠገቡ በአንድ ንክሻ ሊወስደው የሚችል የጭላዳ ግልገል እየተጫወተ አይነካውም።

ይህንን ቪቬክ ቬንካታራማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ተከታትሎ በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ይሳካለታል። ጭላዳዎች መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67! ምናልባት ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነጩ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጧቸዋል፤ ወይም አይጦቹ በዚያ ሁሉ ጭላዳ መሐል ቀበሮውን አይለዩትም።

አንድ ጊዜ ግን አንድ ቀበሮ ግልገል ነክሶ ያዘ። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ሊጠጋቸው ሲሞክርም አላስጠጉትም። በስንት ቀን ቀስ ብሎ የመጣ መተማመን በአንድ ንክሻ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ ጓደኛ ናቸው? ለልጆቹ እንዲህ አልኳቸው፦ "ባልንጀራ" የሚለው ቃል "ባለ እንጀራ" ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ አብሮህ የሚበላ ማለት ነው። ቀበሮና ጭላዳ ግን አብረው አይበሉም። አንዱ ሣር፣ አንዱ አይጥ። የሚጣሉበት መሶብ የላቸውም። ስለዚህ እኔ ጎረቤት ነው የምላቸው። ያ ልጅ ትንሽ አሰበና "እንደ እኛና እንደ ሱማሌው ሱቅ?" አለኝ። ሞርስ ሮድን የሚያውቅ ልጅ ነው!

ይህን የምጽፍላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ቀን አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ አቆመችኝ። "ልጄ ጓደኞቹ ሁሉ ሱማሌ፣ ኔፓል፣ ሜክሲኮ ናቸው። አማርኛው ሊጠፋብኝ ነው። ከሐበሻ ልጆች ጋር ብቻ ባውለው ይሻላል?" አለች። ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጠይቃችሁኛል፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። እዚያው ቆሜ የሰጠኋት መልስ ግን ጥሩ አልነበረም። አሁን ልመልስ።

ጭላዳው ቀበሮ አጠገብ በመዋሉ ሥጋ መብላት አልጀመረም። ቀበሮውም ሣር አልለመደም። ሲመሽ ጭላዳው ወደ ገደሉ፣ ቀበሮውም ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። ልጁን አማርኛ የሚያስረሳው የቀን ውሎው አይደለም፤ ማታ የሚመለስበት ቤት ዝም ካለው ነው የሚረሳው። እኛ በእንግሊዝኛ "ሀው ወዝ ስኩል" ብለን "ጉድ" ካለን በኋላ ስልካችን ውስጥ ከገባን፣ የሱማሌው ልጅ ምን ያድርግ? ልጃችሁን ከጓደኞቹ አትነጥሉት። ማታ እራት ላይ ግን ስለ እነሱ በአማርኛ ይንገራችሁ። ቢሳሳት አትሳቁበት፤ ትክክለኛውን ቃል መልሳችሁ በሉለትና ወሬውን ይቀጥል።

ደግሞ አብሮ መኖር በራሱ አይመጣም፤ ጠባቂ ይፈልጋል። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በቀጠሮ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ከብት ይገባበታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ደንብ ፈረሰ፤ በኋላ የአካባቢው ሰው እንደገና ተሰባስቦ ጥበቃውን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምናወራለት ቀበሮ አይኖርም ነበር። የቤታችን አማርኛም እንደዚያው ነው፤ ደንብ ይፈልጋል፤ ቢፈርስ እንኳ እንደገና ይጀመራል።

ለዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። በእንግሊዝኛ "እርስ በርስ" ለማለት ሌላ ቃል ይጨመራል፤ በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ይሸከመዋል። አወቀ፣ ተዋወቀ። ለመደ፣ ተላመደ። አመነ፣ ተማመነ። ረዳ፣ ተረዳዳ። ልጆቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። አራቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ ከዚያ የቀበሮውንና የጭላዳውን ታሪክ በአራቱ ቃላት ይንገሯችሁ። "ተዋወቁ፣ ተላመዱ፣ ተማመኑ" ድረስ ቀላል ነው። "ተረዳዱ" ላይ ሲደርሱ "ቀበሮውስ ጭላዳውን በምን ረዳው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚሉትን ቅዳሜ ይዘውልኝ ይምጡ፤ እኔም ለመስማት ጓጉቻለሁ።

በሉ፣ ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን።