ስድስት ብስክሌት ያለው ሰው ብስክሌት የለውም

ባለፈው ወር ስድስት የድሮ ብስክሌቶቼን በሙሉ ሸጬ አንድ ገዛሁ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል። «ያቺን ቢያንኪ እንዴት አስችሎህ ሸጥካት?» የሚል አለ። «ተቸግረህ ከነበረ ለምን አልነገርከንም?» ያለኝም አለ። አንዱ ወዳጄ ግን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ «አብደሃል» አለኝ።

አላበድኩም። እንዲያውም ስምንት ዓመት ሙሉ አብጄ ከርሜ ገና አሁን ነው የዳንኩት። ይህን የምጽፈው ለመሰሎቼ ነው። የድሮ ነገር ባያችሁ ቁጥር ልባችሁ ለሚደነግጥ፣ ገዝታችሁ ለምትቆልፉ፣ ቆልፋችሁም «ታሪክ እየጠበቅን ነው» ለምትሉ። ትቆጡ ይሆናል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

በራሴ ልጀምር።

ስብስቤ የነበረው ባሕር ዳር፣ እናቴ ግቢ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ። ሁለት ራሌይ፣ አንድ ቢያንኪ፣ አንድ ፎኒክስ፣ አንድ ሂሮ፣ እና ስሟ ከላይዋ የጠፋ አንዲት ምስኪን። እናቴ ክፍሏን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልታከራያት ትፈልግ ነበር። «ልጄ፣ ይሄን መቃብር ቤት መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ትለኛለች በሄድኩ ቁጥር። እኔ ደግሞ እስቃለሁ፤ ፎቶ አነሳለሁ፤ እለጥፋለሁ። ላይክ ይዘንባል። ከዚያ በሩ ይቆለፋል።

አንድ ቀን በልጅነቴ ካላማዳርያዬን ይለጥፍልኝ የነበረው ጎሚስታ ደወለ። የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ደንበኛ አለው። ሰውየው በየቀኑ በራሌይ ነው ሥራ የሚመላለሰው። የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ባለሦስት ማርሹ ስተርሚ አርቸር ጥርሱ ተበልቶ ቆሟል። «አንተ ዘንድ ሁለት አለ፤ አንዱን ሽጥለት። ሰውየው እየለመነኝ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ እነሱ ኦሪጅናል ናቸው። ከነሙሉ ዕቃቸው እንዲቆዩ ነው የምፈልገው» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «እሺ ልጄ» ብሎ ዘጋው።

ከአምስት ወር በኋላ ለበዓል ስሄድ ስለዚያ ዘበኛ ጠየቅኩት። ዕቃው ሲጠፋ ብስክሌቱን ለቁራሌ ሸጦታል። በኪሎ። ያን ዕለት ማታ ሰርቪስ ክፍሏን ከፈትኩ። የሁለቱም ራሌይ ጎማ ነፋሱ ወጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቋል። ሰው የለመነው ያ ማርሽ ዘይት ካየ ስንት ጊዜ እንደሆነው እኔም አላውቅም።

እንግዲህ አሁን ክርክሩን እንጀምር።

ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ መከላከያችን «እኛ ባንገዛው ቁራሌ ይወስደው ነበር» የምትለው ናት። እውነት አላት። ብዙ ጥሩ ብስክሌት ከሚዛን ላይ የተረፈው አንድ ወዳጅ አይቶ ስላዘነለት ነው። ግን ማዳንና ማስቀረት ሁለት ነገር ናቸው። ያዳነ ሰው ይጠግናል፤ ከዚያ ለሚነዳው ያሳልፋል። እኛ ግን አድነን አሰርን። የኔን ታሪክ ደግሞ አትርሱ፤ ያችን የዘበኛውን ራሌይ ወደ ሚዛኑ የሰደዳት ቁራሌው ብቻ አይደለም። ድርሻዬ ከሱ ይበልጣል። አሮጌ ዕቃ መለዋወጫው አዲስ አይመጣለትም። አንዱ የቆለፈው ሌላው ያጣው ነው። በስብስባችን ልክ የሚነዳው እየቀነሰ ነው።

ሁለተኛዋ መከላከያ «ታሪክ ነው» የምትለው ናት። ጥሩ፣ ታሪክ እናውራ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሜልቦርን ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑ 9ኛ ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ይህን ታሪክ የሠራው እግር ነው፤ ፔዳል የረገጠ እግር። ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ በ1949 እና በ1952 (በፈረንጆቹ) ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ የነዳት ቢያንኪም የተከበረችው ዳገት ስለወጣች ነው። ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለች አይደለም። ሙዚየም ልሥራ ካላችሁ ሥሩ፤ በር ክፈቱ፣ ጽሑፍ ለጥፉ፣ ተማሪ ጋብዙ። የተቆለፈ ሰርቪስ ክፍል ግን ሙዚየም አይባልም። መጋዘን ነው።

ሦስተኛዋ የዘመኑ ናት፦ «ኢንቨስትመንት ነው»። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር ይዞ መቀመጥ ያስፈራል፤ ይገባኛል። ሰው መሬት ይይዛል፣ ወርቅ ይይዛል፣ ዶላር ይሸሽጋል። ግን ብስክሌት ወርቅ አይደለም። ጎማ ቆሞ ይሰነጠቃል። የቆዳ ኮርቻ ይደርቃል። ኩሽኔታ ውስጥ ያለ ግራሶ ሙጫ ይሆናል። ካቴና ይዝጋል። ወርቅ ሳትነካው ይቆያል፤ ብስክሌት ካልነካኸው ይሞታል።

አሁን ደግሞ ሰብሳቢ ስለማያወራው ነገር ላውራ፤ ስለ ሥራው።

ስድስት የተለያየ ብስክሌት መያዝ ማለት ስድስት የተለያየ ሕግ መያዝ ማለት ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ «28 ጎማ» ብትሉ «የትኛው 28?» ማለት አለበት። የድሮው ባለዘንግ ፍሬን ራሌይ የሚያስረው 635 ሚሊ ሜትር ነው። የኮርሳው ጎማ ደግሞ 622 ነው። ሁለቱም በድሮው አጠራር 28 ይባላሉ፤ በመካከላቸው 13 ሚሊ ሜትር አለ፤ አንዱ ባንዱ አይገባም። «26» ላይ ሲደረስ ይብሳል። የትንሹ ራሌይ 590፣ የተራራ ብስክሌቱ 559።

ፔዳሉ የሚዞርበትን የመሃል ኩሽኔታ መፍታት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የጣሊያኑ ቀዳዳ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሁለቱም ወገን እንደ ተራ ብሎን ይፈታል። የእንግሊዙ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በካቴናው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ሲል አጥብቆ ይሰብረዋል። ራሌይ ራሱ ደግሞ ከእንግሊዞቹም ተለይቶ፣ ሌላው በኢንች 24 የብሎን ጥርስ ሲያወጣ እሱ 26 ያወጣል። ለቢያንኪዋ የገዛሁት ቁልፍ ለራሌዩ አይሠራም። ለራሌዩ ያገኘሁት ዕቃ ለፎኒክሱ አይሆንም። ይህን ሁሉ ለስድስት የሚያደርስ ጊዜ ያለው ጋዜጠኛ አላየሁም፤ ገንዘብ ያለውማ ጭራሽ።

ለአንድ ግን ይደርሳል።

ያ አንዱ ማነው? ብዙዎቻችሁ ቢያንኪዋን አስቀርቼ ሌሎቹን ብሸጥ ኖሮ ይገባችሁ ነበር። ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለሟ፣ ስሟ፣ ዋጋዋ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቢያንኪዋ ለኔ ቁመት አትሆንም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነዳኋት፤ ሁለቴም ጀርባዬን አሞኛል። የወደድኩት ሰው ሲያያት የሚለውን ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኛት ሌላ ናት። የአማርኛ መምህራችን በየጠዋቱ የሚመጣባት ጥቁር ራሌይ። ሱሪውን በመያዣ ቆንጥጦ፣ ደብተራችንን ከኋላ ጭኖ፣ የዘንባባውን መንገድ ይዞ ሲመጣ ከሩቅ የማርሿ ድምፅ ይሰማናል። ማርሿ ላይ 62 4 የሚል ተቀርጿል። ስተርሚ አርቸሮች የተሠሩበትን ዓመትና ወር የሚናገሩት እንደዚያ ነው። ሚያዝያ 1962 በፈረንጆቹ፤ በኛ 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

መምህሬ ጉልበታቸውን አሟቸው ሊሸጧት መሆኑን ስሰማ አንድ የአዲስ አበባ ካፌ ባለቤት ቀድሞኝ ነበር። ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት። ከኔ አቅም በላይ ከፍሏል። ስለዚህ ስድስቱንም አውጥቼ ሸጥኩ፤ ያም ሆኖ የሱ ላይ አልደረስኩም። መምህሬ ግን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ትነዳታለህ ወይስ ታስራታለህ?»

«እነዳታለሁ፣ የኔታ» አልኩ።

ለኔ ሰጡኝ።

ህልም መረጥኩ ስል ግን በስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። 635ቱ ጎማ ዛሬም ለህንድና ለቻይና ባለትልቅ ጎማ ብስክሌቶች ስለሚሠራ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ለቁመቴ ልኬ ናት። ባለሦስት ማርሽ ናት፤ ዝቅተኛው ከመካከለኛው በሩብ ይቀላል፣ ከፍተኛው በሲሶ ይፈጥናል። ማርሿ የሚጠይቀኝ በየጥቂት ሳምንቱ በትንሿ ቀዳዳዋ ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው። ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ አልዋሽም፣ መጨረሻዋ ላይ ወርጄ እገፋታለሁ። ከባድ ናት፤ ዳገቱም ዳገት ነው። ግን በስድስቱ ዘመን ከነዳሁት ድምር ይልቅ በዚህ አንድ ወር የነዳሁት ይበልጣል።

ስለዚህ መሰሎቼ፣ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ለሰውነቴ ልክ ናት? እዚሁ አገር ትጠገናለች? ነገ ጠዋት ይዣት እወጣለሁ? ሦስቱንም «አዎ» ያለችውን አስቀሩ። አንዷም ካላለች ህልማችሁ ገና አልተገኘም፤ የሰበሰባችሁት የሌላ ሰው ህልም ነው። የቀሩትን ለሚነዳቸው ስጡ፣ ሽጡ፣ ወይም ቢያንስ መለዋወጫ ሲጠየቅ እጃችሁን ዘርጉ።

በውጭ ያሉ ብስክሌት ወዳዶች አንድ ቀልድ አላቸው፤ ሰው ሊኖረው የሚገባው የብስክሌት ብዛት አሁን ካለው ላይ አንድ የተጨመረበት ነው ይላሉ። ብስክሌትና ዕቃ በሞላበት አገር ያስቃል። እኛ አገር ግን ያች አንድ ተጨማሪ ከሆነ ሰው ላይ የተቀነሰች ናት። ከተማችን በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ሠርታለች፤ እኔ በምመላለስበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። አዲስ ብስክሌት መግዛት ለደመወዝተኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደግሞ በየሰርቪስ ክፍላችን ስንት እንደታሰረ እናንተም እኔም እናውቃለን።

የእናቴ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቷል። ከሁለቱ ራሌዮች አንዷን ያን ጎሚስታ በቅናሽ ወስዶ አስተካክሎ ለዘበኛው ሊሰጠው ፈልጎ ነበር። ሰውየው ግን ሥራ ቀይሯል፤ የት እንዳለ አልተገኘም። ለሌላ ሰጣት። በዚህ ነገር የተካስኩ አይመስለኝም፤ የምታውቁት ካላችሁ ግን አሁንም አንድ ማርሽ አለብኝ።

ቸር እንሰንብት።