ከፊቱ ጀርባ ያለውን ጎጆ ማን ያንሣው?

ከምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ወደ ዓለም የወጡት ፎቶግራፎች በአንድ ግድግዳ ላይ ቢደረደሩ አብዛኞቹ የሰው ፊት ናቸው። በ1984 እና በ1985 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ረሃብ ያሰደደውን ሕዝብ ያነሣው ካሜራም ሆነ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ሐምዳይት የደረሰውን ስደተኛ ያነሣው ካሜራ ይበልጡን የፈለገው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የጎደጎደ ዐይን፣ የደረቀ ከንፈር፣ ሕፃን ያዘለች እናት። እናቲቱ ውላ አድራ የቀለሰችው ጎጆ፣ ያበጀችው ምድጃ፣ ያጠረችው አጥር ግን ከሥዕሉ ውጭ ቀረ።

ይህ አሠራር ርኅራኄ ተብሎ ይመሰገናል። ርኅራኄነቱ ባይካድም ጎዶሎ ነው። ሰውን ከእጁ ሥራ ነጥሎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሰውየውን ተመጽዋች ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ቤቱን አብሮ የሚያሳይ ግን ሠሪነቱን ይመሰክርለታል።

ጉዳቱን ለመረዳት ኡም ራኩባን ማሰብ ይበቃል። በሱዳን አረብኛ ራኩባ ማለት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው፤ የቦታው ስም ራሱ ሰው የሠራውን ነገር ይጠራል። ካምፑ በ1976 ተከፍቶ በ2000 ተዘጋ፤ በ2020 ዳግመኛ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ዓመታት ሰው ተወልዶበታል፣ ተድሮበታል፣ ተቀብሮበታል። ሣርና ጭቃ ግን ባለቤቱ እስኪመለስ ሃያ ዓመት አይጠብቅም። ያኔ እዚያ ያደገ ሰው ዛሬ ለልጁ «ቤታችን ይህ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ምን አለው? ምናልባት አንድ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ እሱም ከጀርባው ነጭ ጨርቅ የተዘረጋበት።

በገዳሪፍ ከተማም ነገሩ ከዚህ አይለይም። በ1920ዎቹ መጨረሻ የደረሰው የባቡር ሐዲድ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ፣ በ1960ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የቆመው ታላቁ የእህል ጎተራ ከተማዪቱን ዛሬ ላለችበት መልክ አብቅተዋታል። ከጎንደር ወገን በመተማና በገላባት ተሻግሮ ለአረም፣ ለማሽላና ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ እነዚህን ነገሮች በላቡ ያውቃቸዋል። ፎቶግራፍ ሲያሰኘው ግን በፊት ስቱዲዮ ገብቶ ፏፏቴ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በስልኩ ራሱን ብቻ ያነሣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

«ብረትና ሲሚንቶ ምን ውበት አለው?» የሚሉ አሉ። በርንድና ሂላ ቤኸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ከ1959 ጀምሮ የውኃ ማማዎችን፣ ጎተራዎችንና የማዕድን ማውጫ ሕንፃዎችን ፊት ለፊት ቆመው፣ በደመናማ ብርሃን፣ ሰው ሳይጨምሩ ሲያነሡ ኖረዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዶርትመንድ ከተማ የዞለርን የከሰል ማዕድን የማሽን አዳራሽ ሊፈርስ ሲል ከተሟገቱለት መካከል እነርሱ ነበሩ፤ አዳራሹ ተርፎ ዛሬ የሙዚየም አካል ሆኗል። አስተውሎ የተመለከተ ካሜራ ሌላው ቆርቆሮ ያለውን ቅርስ ሊያሰኝ ይችላል።

«ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ሕይወት የለውም» የሚሉም አይጠፉም። ይህ ማየት ካለመልመድ የመጣ ነው። በሽቦ የተጠገነ በር፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ጣራ፣ በጥላ ሥር የተቀመጠ የዚር ውኃ፣ በፕላስቲክ ሸራ ላይ የተሰፋ ጨርቅ፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው አለ። ፊት ለካሜራ ሊዘጋጅ ይችላል፤ የተጠገነ በር ግን ያየውን ችግርና ያገኘውን ብልሃት እንዳለ ይናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው የጸጥታው ጥያቄ ነው፤ እርሱ እውነት አለው። ሱዳን ውስጥ ካሜራ ድሮም ፈቃድ ሲጠየቅበት የኖረ ነው፤ ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ደግሞ ጥርጣሬው በርትቷል። ድልድይ፣ ኬላ፣ የጦር ሰፈርና ጎተራም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይነሡ፤ አንድ ፎቶግራፍ የአንድ ሌሊት እስር አያወጣም። ነገር ግን የገዛ ግቢን፣ የገዛ ማዕድ ቤትን፣ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ የጎረቤትን ሱቅ ከማንሣት የሚያግደው ፍርሃት ሳይሆን ንቀት ነው።

«ካምፕ ጊዜያዊ ነው፤ ውርደቱን ማን ለትውልድ ያቆያል?» የሚለው ክርክር ደግሞ ራሱን ይገለብጣል። መዝገብ የሚያስፈልገው ይበልጡን ለጊዜያዊው ነው። የጎንደር ግንብ ዘመናትን ይጠብቃል፤ ድንኳን ግን አንድ ክረምት አይጠብቅም። በ2021 የዝናቡ ወራት ሲገባ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ዐውሎ ነፋስ መጠለያዎችን ጥሎ ሄዷል። በድንኳን መኖር ውርደት አይደለም፤ ድንኳንን ቤት ያደረገ እጅ መረሳቱ ግን በደል ነው።

ከካርቱም ሸሽቶ ገዳሪፍ የገባ ሰው በስልኩ የቀረችውን የሠርግ ፎቶግራፍ ሲያይ ዐይኑ ከሙሽራዋ አልፎ ወደ ግድግዳው፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ግቢው ኒም ዛፍ ይሄዳል። ያኔ ማንም ሆን ብሎ ያላነሣቸው ነገሮች ዛሬ የሚፈለጉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ስልክ የያዘ ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጎጆው ፊት ለፊት አሥር እርምጃ ርቆ ይቁም፤ ጎጆውን ከነአጥሩ ያንሣ፤ ቦታውን፣ ወሩን፣ ማን እንደሠራውና ከምን እንደተሠራ ይጻፍበት። የስደተኛን እንባ የሚያነሣ ከሩቅም ይመጣል፤ ጎጆውን ግን ባለቤቱ ካላነሣው ማንም አያነሣለትም።