የዳይፐር ሒሳብና የቤት ሰላም

ስለ ትዳር ስንነጋገር ስለ ፍቅር፣ ስለ መከባበርና ስለ ጸሎት ብዙ ተባብለናል። የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ስለ ዳይፐር ነውና። ነገር ግን የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ባለትዳሮች ለምክር ሲመጡ የጠባቸው ሥር ሲቆፈር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወሩን መጨረስ ያቃተው ደመወዝ ነው። ሕፃኑ ከመጣ በኋላ ከዚያ ደመወዝ ላይ ሳይታሰብ ትልቅ ድርሻ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ ዳይፐር ነው።

አንዲት እህት የሆነችውን በፈቃዷ ልንገራችሁ። ከሰፈሯ ሱቅ ዳይፐር በዱቤ ስትወስድ ቆየች። ዕዳው ሲከማች ለባለቤቷ መንገር ፈራች። እርሱ ነገሩን የሰማው ባለሱቁ መንገድ ላይ አስቁሞ ሲጠይቀው ነው። ይበልጥ ያሳዘነው ከገንዘቡ ይልቅ መደበቋ ነበር። እርሷም በበኩሏ፣ “ብሩ አለቀ ባልኩት ቁጥር ‘ምን ላይ አደረግሽው?’ ይለኛል፤ መልስ ሲያልቅብኝ ዝም አልኩ” አለች። ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ፣ ጌታንም የሚያገለግሉ ናቸው። ነገር ግን ልጃቸው በወር ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው አንድም ቀን አብረው ቁጭ ብለው አልቆጠሩም ነበር።

እኛስ? ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሯል። ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም ምሳሌው የተወሰደው ከዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። ከፍ ሲል ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። በቀን 7 ዳይፐር ብንወስድ በወር 210 ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንዱን 20 ብር ብንለው በወር 4,200 ብር መሆኑ ነው። እናንተ የምትገዙበትን ዋጋ አስገቡና አስሉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት የወለደች ጓደኛችሁ የነገረቻችሁን ዋጋ ይዛችሁ አታቅዱ።

ቁጥሩን ካወቅን ወደ መፍትሔው እንሂድ።

የሽንት ጨርቅን አትናቁ። ብዙ ወጣት እናቶች “ሰው ምን ይለኛል?” ብለው የሽንት ጨርቅን ይሸሻሉ። የዓለምን መድኃኒት የወለደችው ማርያም ልጇን በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም እንዳስተኛችው በሉቃስ 2፥7 እናነባለን። እኛም አብዛኞቻችን ያደግነው በሽንት ጨርቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ጨርቅ መመለስ ግን ግድ አይደለም። ቀን ቤት ውስጥ ሲሆን ጨርቅ፣ ማታና ከቤት ስትወጡ ዳይፐር ብትጠቀሙ ይበቃል። ከላይ ባየነው ሒሳብ በቀን 2 ዳይፐር በወር 60፣ ማለትም 1,200 ብር ነው። ከልዩነቱ 3,000 ብር ላይ የሳሙናውንና የውሃውን ወጪ ቀንሱ፤ የቀረው ቁጠባችሁ ነው።

ሃያ አራት ያህል ጨርቅ ቢኖራችሁ በየሁለት ቀኑ እያጠባችሁ መዝለቅ ትችላላችሁ። ንጹሕ፣ ለስላሳና ውሃ የሚመጥ ጥጥ ምረጡ። ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ አንሶላ ተቆርጦ ቢዘመዘም ግሩም የሽንት ጨርቅ ይወጣዋል። ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት አራግፋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ የቀረ ሳሙና የሕፃኑን ቆዳ ያስቆጣልና። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ጨርቁ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል። ፀሐይ ላይ አስጡት። በክረምት በደንብ ካልደረቀ በካውያ አድርቁት። መዘፍዘፊያው ባልዲ ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው፤ መዳህ ለጀመረ ልጅ ትንሽ ውሃም አደገኛ ነው።

ልኩን እወቁ። ሐና ለሳሙኤል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ትሠራለት እንደነበር በ1ኛ ሳሙኤል 2፥19 ተጽፏል። ልጇ እያደገ መሆኑን አስባ ነበር ማለት ነው። ዳይፐርም የሚመረጠው በሕፃኑ ኪሎ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ከጠበበ ጭኑ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ያፈስሳልም። ካፈሰሰ ደግሞ ልብስና አንሶላ ይታጠባል፣ ሌላ ዳይፐር ይወጣል። ትልቁን ቁጥር መግዛት ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል በአንድ እሽግ ውስጥ የሚገኘው ብዛት ያንሳል። በቅናሽ አገኘሁ ብላችሁም ትንሹን ቁጥር በብዛት አታከማቹ፤ ሕፃን በወራት ውስጥ ያልፈዋል።

የእሽጉን ዋጋ ሳይሆን የአንዱን ዋጋ አወዳድሩ። ዋጋውን በውስጡ ላለው ብዛት አካፍሉት። ርካሽ የመሰለን እሽግ ስንቆጥረው ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አራት አምስት እናቶች ገንዘብ አዋጥታችሁ ከጅምላ መሸጫ ብትገዙና ብትከፋፈሉ ደግሞ የበለጠ ይቀንስላችኋል። አዲስ ዓይነት ስትሞክሩ ግን መጀመሪያ ትንሹን እሽግ ግዙ፤ ለልጃችሁ ቆዳ ላይስማማ ይችላል። ማሸጊያ የሌለውና ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን በርካሽነቱ ብቻ አትመኑት።

እናቶቻችን ያደርጉት የነበረውን አስታውሱ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ሲነሣና ጡት ከጠባ በኋላ ያሸኑት ነበር። ሰዓቱን የምታውቅ እናት በቀን አንድ ሁለት ዳይፐር ታተርፋለች። ልጁ ለፖፖ ሲደርስ ደግሞ በትዕግሥት አለማምዱት። አትቆጡት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩት።

ውድ እናቶች፣ ማቆጠብ የማይገባን ቦታም እንዳለ ልብ በሉ። ዳይፐሩ “ገና አልሞላም” ብሎ ሕፃኑን ለረጅም ሰዓት በእርጥቡ ማቆየት ቁጠባ አይደለም። ቆዳው ይቆስላል፤ ለሐኪምና ለቅባት የሚወጣውም ካተረፍነው ይበልጣል። ዓይነ ምድር ከሆነ ወዲያውኑ ቀይሩት። ቤት ውስጥ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብታጸዱት የእርጥብ ሶፍት ወጪም ይቀርላችኋል። በቀን ጥቂት ደቂቃ ያለ ዳይፐር ቆዳው አየር ያግኝ። ቀይ ሆኖ ከቆየ ወይም ከባሰበት ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ከተወለደ አምስተኛ ቀኑን ያለፈና ጡት በደንብ የሚጠባ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይሸናል። የምትቀይሩት ቁጥር በድንገት ካነሰ “ተመስገን፣ ዳይፐር ተረፈ” አትበሉ። በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም ጡት እምቢ ካለ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ውድ ባሎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። “ጨርቅ ይሻላል” ማለት ቀላል ነው፤ ማጠቡ ነው ሥራው። በአራስነቷ ወራት ሚስታችሁ ሳፋ ላይ እንድትጎነበስ በቁጠባ ስም አታስገድዱ። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ዳይፐር ከእርግዝናው ወራት ጀምራችሁ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ግዙ። ሥራ ያላት ከሆነች ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ጨርቁን ማን እንደሚያጥብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁም ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ላይ አትጣሉ። አባት የልጁን ጨርቅ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም፤ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧልና።

ምእመናንስ? አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ብዙዎቻችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት ሕፃኑ ሳይለብሰው የሚያልፈውን ትንሽ ልብስ ነው። በምትኩ ተነጋግራችሁ ዳይፐር ብትወስዱ፣ አንዱ ትንሹን ቁጥር ሌላው ተከታዩን ቢይዝ፣ የወላጆቹን የሁለትና የሦስት ወር ሸክም ታቀላላችሁ። በዮሐንስ 6፥12 ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ ትርፍራፊው እንዳይባክን አዝዟል። የእህቶች ኅብረታችንም በቤተ ክርስቲያን አንድ ሣጥን ቢያዘጋጅ፣ ልጇ ያለፈው ቁጥር የተረፋት እናት እዚያ ብትተው፣ ያጣችውም ስሟ ሳይጠራ ብትወስድ መልካም ነው።

ከላይ ያነሣኋት እህትና ባለቤቷ በመጨረሻ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። የሱቁን ዕዳ በሦስት ወር ከፍለው ለመጨረስ ተስማሙ፤ የወሩን የዳይፐር ብር በፖስታ ለይተው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ፤ ጨርቁን ማታ ማታ እርሱ ሊያጥብ ወሰነ። ሲያልቅም “ምን ላይ አደረግሽው?” መባባል ቀረ፤ ሁለቱም ፖስታውን ያዩታልና።

እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጁ ሲተኛ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ አብራችሁ አስሉ። የተደበቀ ዱቤ ካለ በዚያው ምሽት ይነገር፤ ሰሚውም ሳይቆጣ ይስማ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ልጁን የሰጣችሁ ጌታ የሚያስፈልገውንም ያውቃል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።