ቀስተ ደመናውን ማን ሰበረው?

የሙዚቃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ክስ «ያማረውን ዜማ አበላሹት» የሚል ነው። ለዚህ ክስ ጥሩ ምስክር ሊሆን የሚችል አንድ ሸክላ አለ። ማሩሻ የተባለችው ጀርመናዊት በ1994 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ያወጣችው ነው። ጁዲ ጋርላንድ «የኦዝ ጠንቋይ» በተባለው ሙዚቃዊ ፊልም በ1939 የዘፈነችውን የቀስተ ደመና ዘፈን ወስዳ፣ ቴክኖ በሚሉት በኤሌክትሪክ መሣሪያ በሚመታ ፈጣን ምት ላይ ጫነችው። ሸክላው በጀርመን የሽያጭ ሠንጠረዥ እስከ 3ኛ ደረጃ ወጣ። ወጣቱ ጨፈረበት፤ ሌላው ጆሮውን ያዘ።

እኔ ከከሳሾቹ ጋር አይደለሁም። ከተከሳሿም ጋር በሙሉ ልብ አልቆምም። ምክንያቱን ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ እንዳይነካ የተባለው ዘፈን እንዴት እንደ ተወለደ እንመልከት። ዜማውን የደረሰው ሐሮልድ አርለን በምኩራብ ዜማ የሚመራ አይሁዳዊ ልጅ ነው። ግጥሙን የጻፈው ይፕ ሐርበርግ ደግሞ ከኒውዮርክ ድኾች ሰፈር የወጣ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ንግዱ በ1929 የገንዘብ ውድቀት የከሰረበት፣ በ1932 ስለ ሥራ አጡ ሠራተኛ በጻፈው የመድረክ ዘፈን ስሙ የታወቀ ሰው ነው። ሁለቱም ይህን ዘፈን የሠሩት ከሰማይ ወርዶላቸው ሳይሆን የፊልም ኩባንያ አዟቸው፣ ገንዘብ ተከፍሏቸው ነው። ኩባንያውም ፊልሙን ለሙከራ ካሳየ በኋላ ዘፈኑን ቆርጦ አውጥቶት ነበር! ፊልሙን ያንቀራፍፈዋል፣ ደግሞም የሲኒማ ኮከብ በገበሬ ግቢ፣ በከብት መካከል ቆማ መዝፈኗ ክብር ይነካል ተባለ። ጥቂት ሰዎች ተሟግተው ባያስመልሱት ኖሮ ዛሬ ጠበቃ የሚቆምለት ዘፈን ባልኖረም ነበር። በ1940 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ይኸው ተጥሎ የተነሣው ዘፈን ነው። በ1942 ከፊልም አልፎ በሴንት ሉዊስ ከተማ በቴአትር መድረክ ተዘፈነ። ከዚያ ወዲህ የዘፈነውን ሰው ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ሐርበርግ ራሱ ከ1950 ገደማ ጀምሮ በፖለቲካ አስተሳሰቡ ምክንያት በሆሊውድ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቶ ሥራ ተከለከለ። (ይህን ያደረጉት ቴክኖ የሚወዱ ልጆች አልነበሩም።)

ምቱስ ከየት መጣ? የጀርመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የቴክኖ አባቶች ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን በዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሥራውን የጀመሩትም በ1980ዎቹ፣ የመኪና ፋብሪካዎች እየተዘጉ ከተማዋ በምትራቆትበት ጊዜ ነው። ምቱ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ በርሊን ገባ። ግንቡ በ1989 ከተከፈተ በኋላ በምሥራቁ በኩል ባዶ የቀረው ሕንፃ ለወጣቱ ጭፈራ ተመቸ። ትሬዞር የተባለው ጭፈራ ቤት በ1991 የተከፈተው ቬርትሃይም ይባል በነበረው ትልቅ ሱቅ ምድር ቤት፣ በብረት በተዘጋው የገንዘብ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሱቁን ናዚዎች ከአይሁድ ባለቤቶቹ እጅ አውጥተውት ነበር። ማሩሻም በምሥራቅ ጀርመን ወጣቶች ራዲዮ፣ በዲ.ቴ.64፣ ፕሮግራም ነበራት። ያ ራዲዮ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ አድማጮቹ አደባባይ ወጥተው ተሰልፈውለታል።

እንግዲህ ነገሩን አንድ ላይ አድርገን እንየው። ሁለት የአይሁድ ልጆች የደረሱት ዘፈን፣ ሥራ ካጣች ከተማ በፈለቀ የጥቁሮች ምት ላይ ተቀምጦ፣ በ55 ዓመቱ በርሊን ደረሰ። ፊልሙ በ1939 ለሕዝብ ሲታይ፣ በርሊን ተቀምጠው ያሰናዱት ጦርነት ሊፈነዳ የቀረው ሳምንታት ብቻ ነበር። ይህን ጉዞ «ማበላሸት» ብሎ የሚጠራ ሰው ዘፈኑን ሳይሆን የቤቱን ዕቃ ነው የሚጠብቅ። ዜማው ከመጀመሪያው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ስምንት ደረጃ ይዘላል፤ ናፍቆቱ ያለው እዚያ ዝላይ ላይ ነው። ዝላዩ በማሩሻም ሸክላ ላይ አለ።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ የሚያልቀው በጥያቄ ነው። አንዲት የገበሬ ቤት ልጅ የተሻለ አገር እንዳለ ሰምታ፣ እኔ ለምን ቀረሁ ትላለች። በቴክኖው ሸክላ ላይ ግን ጥያቄው ገና ሳያርፍ ከበሮው ቀድሞ ይመልስላታል፤ መልሱም «ዝለዪ» ነው።

ይህ የአንድ ሸክላ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሎቭ ፓሬድ የተባለው የበርሊን የጭፈራ ሰልፍ በ1989 ሲጀመር 150 ያህል ሰው ነበረው። በፖለቲካ ሰልፍነት ተመዝግቦ፣ መፈክሩም «ሰላም፣ ደስታ፣ የእንቁላል ቂጣ» ነበር። ሰላም ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ፣ ደስታ ስለ ሙዚቃ፣ ቂጣውም (አትሳቁ!) ምግብ ለሕዝብ በትክክል እንዲከፋፈል ነው ተብሎ ተተረጐመ። በ1999 ሰልፈኛው 1.5 ሚሊዮን ደረሰ ተባለ፤ ነጋዴውም ከነማስታወቂያው አብሮ ተሰለፈ። በ2001 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሰልፍ ነው የሚለውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ፤ ጭፈራ እንጂ የሐሳብ መግለጫ አይደለም የሚለው አስተያየት ጸና። እኔ ፍርዱን አነበብኩና ለመቃወም ቃል አጣሁ። ሚሊዮን ሰው ተሰብስቦ አንድ ጥያቄ ካላቀረበ ዳኛው ምን ይበል? ቂጣው ወዴት ሄደ?

ስለዚህ ማሩሻን የሚከስ ሰው በምቱ ፍጥነት አይክሰሳት። የተለየ አስተያየት ያለው ወንድም ወይም እኅት ለሚመጣው እትም ይጻፍ፤ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ግን ሁለቱንም ሸክላዎች፣ የ1939ኙንና የ1994ቱን፣ በአንድ ቀን እስከ መጨረሻቸው ያድምጥ።