ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ

በኮምፒዩተር ክፍላችን ስላለው ሰርቨር ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ። ይህ ሰርቨር ለእያንዳንዳችን በስማችን የግል ፎልደር ሰጥቶናል። ዳሩ ግን በውስጡ የምንጽፈው ሁሉ ከመምህራችን በቀር አንባቢ ሳያገኝ ዓመቱ ሲያልቅ ይደመሰሳል። በዓመት አንድ ጊዜ የምትወጣው ይህች መጽሔትም የጥቂቶችን ጽሑፍ እንጂ የሁላችንን ለመያዝ አትችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ በዚያው ሰርቨር ላይ የራሱ ድረ ገጽ ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

ለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው አፓቺ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የወጣው ፕሮግራም፥ ዩዘርዲር የሚባል ክፍል አለው። ተማሪው በግል ፎልደሩ ውስጥ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የተባለ ፎልደር ከፍቶ ጽሑፉን ያስቀምጣል። አንባቢውም ከሰርቨሩ አድራሻ ቀጥሎ የማዕበል ቅርጽ ያለውን ቲልዳ የተባለውን ምልክትና የተማሪውን መጠሪያ ሲጽፍ ገጹ ይከፈትለታል። ዩዘርዲርን ማስነሣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያስቸግረው የፈቃዱ ነገር ነው።

ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራ። የግል ፎልደራችን እንደ ግቢ ነው፤ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ደግሞ እንደ እንግዳ መቀበያ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ወለል ብሎ ቢከፈትም የግቢው በር ከተዘጋ እንግዳው ከደጅ ይመለሳል፤ ሰርቨሩም 403 የሚል ቁጥር አሳይቶ ይከለክለዋል። ግቢውን ለሁሉ በርግዶ መክፈት ደግሞ ጓዳን ማሳየት ነው። መካከለኛው መንገድ 711 የሚባለው ፈቃድ ነው፤ ይኸውም እንግዳው በግቢው ያልፋል እንጂ በዚያ ያለውን ዘርዝሮ ለማየት አይችልም። ለሳሎኑ 755፥ በውስጡ ላሉት ጽሑፎች 644 ይሰጣል። ሆኖም በዚያው ሰርቨር የሚሠራ ጓደኛ ስሙን የሚያውቀውን ፋይል ሊከፍት ስለሚችል፥ የግል ደብዳቤ ያለው ሰው ፋይሉን 600 ያድርገው። ኡቡንቱ የተባለው ሲስተም ከ2021 ወዲህ የአዲስ ተጠቃሚን ግቢ ዘግቶ ስለሚሰጥ፥ ይህን ሳያስተካክሉ «አልሠራም» ብሎ መተው ትክክል አይደለም።

አንዳንድ መምህራንና ወላጆች «ልጆቹ ያልተገባ ነገር ይጽፋሉ፤ ስማቸውም ለባዕድ ይገለጣል» ይሉ ይሆናል። ሥጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን አፓቺ ከትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ውጭ የሚመጣውን ጥያቄ እንዲከለክል ማዘዝ ይቻላል፤ ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ተፈቅዶ ፕሮግራም ማስኬድም ሊከለከል ይችላል። ስለ አጻጻፋችን ከሆነ ግን፥ ዛሬ ከመካከላችን አንዳንዱ በቴሌግራም በሐሰተኛ ስም እንደ ልቡ ሲሳደብ ማን ይጠይቀዋል? በዚህ ገጽ ላይ ግን መጠሪያው በአድራሻው ላይ ተጽፎ ይታያል። የሂሳብ መምህሩ ሊያነቡት እንደሚችሉ የሚያውቅ ተማሪ ብዕሩን ሁለት ጊዜ ያስባል። (ፊደሉንም ያርም ይሆናል!)

በበኩሌ የምለምነው ከመስከረም ጀምሮ ለ11ኛ ክፍል ብቻ ለሙከራ እንዲከፈት ነው። ፈቃዱን በማስተካከል እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች እንረዳለን። ከተከፈተ በመጀመሪያ የማወጣው አያቴ ስለ ሰፈራችን የነገሩኝን ታሪክ ነው፤ ባለፈው ዓመት ለመጽሔቲቱ ረዝሞ ቀርቷል።