ግብረ ገብ በቃል አይጠናም

የልጆቻችን ጠባይ ተበላሸ የሚል እሮሮ በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም ይሰማል። መድኀኒቱ ምንድር ነው ቢባል ግን አንዱ አለንጋ፥ ሌላው መጽሐፍ ይላል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ።

መጽሐፍ ለምትሉ ወንድሞቼ እነሆ ማስረጃ። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ፍትሕን፥ ኀላፊነትን፥ ቍጠባንና የቀሩትን፥ በድምሩ 11 አርእስት፥ ከክፍል ክፍል እየደጋገመ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። ይሁን እንጂ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሚሰረቅና ስለሚኮረጅ፥ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎቹ ከየቀያቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲፈተኑ ግድ ሆነ። ኀላፊነት ምንድር ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከጓደኛው ገልብጦ የሚመልስ ልጅ ምን ተማረ ይባላል? አሁን ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመለሰ ብለን ደስ ብሎናል፤ ዳሩ ግን ስሙ ተመልሶ አካሄዱ ያው ከሆነ ደስታችን ከንቱ ነው።

አለንጋ የምትሉም አትመኩ። ልጁ ስለ ሐሰት ይገረፋል፤ በማግሥቱ ግን ገራፊው አባቱ የጎረቤቱን ድንበር በትልም ሲገፋ ያያል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚማረው ጕልበተኛ እንደማይቀጣ ብቻ ነው።

የተሻለው መንገድ ከደጃችን ነበር። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዐት የጓሳን ሣር ለዓመታት ይዘጉ ነበር፤ በስምምነት ሲከፈትም ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ እስኪሽረው ድረስ ሥርዐቱ ለዘመናት ጸንቶ ኖረ። ይህስ በቅጣት ፍርሀት ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ ቅጣት ነበረ፤ ነገር ግን አባትንም ልጅንም የሚይዝ ቅጣት ነበረ። እረኛው ልጅ አባቱ ሣሩ እያስፈለገው ሲተወው እያየ ያድግ ነበር።

የቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ የሌላውን አምጥቶ ቢነግር ያፍርበታል። የኔታም ቢሆኑ አዲስ ቅኔ ሳይቈጥሩ ወንበራቸውን አያስከብሩም። ሕጉ ሁለቱንም ይይዛልና።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ለግብረ ገብ ነጥብ መስጠቱ ይቅር። ልጆቹ የሚጠብቁት የዛፍ ቦታ በግቢያችሁ ስጧቸው፤ ደንቡን ከእናንተ ጋራ ያውጡ፤ ደንቡም እናንተን ጭምር ይያዝ። ያረፈደ መምህር በልጆቹ ፊት ቆሞ ይቅርታ የጠየቀ ዕለት፥ ያን ጊዜ ትምህርቱ ተጀመረ።